ሪፖርት አልመጣም ማለት ጥቃት የለም ማለት አይደለም

በዚህ እትም ከተፈናቃዮች መጠለያ የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስምና ቦታ ለደኅንነታቸው ስንል አልጻፍንም።

ጥያቄ፦ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የውሃና ንጽህና ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። መጠለያው ድሮ ትምህርት ቤት ነበር፤ አሁን በአንድ ክፍል ብዙ ቤተሰብ ታጭቆ ያድራል። ሽንት ቤቶቹ ከግቢው ጀርባ ናቸው፣ መብራት የለም፣ የወንድና የሴት ተብሎም አልተለየም። ለአስተባባሪያችን ሳነሳለት «እስካሁን አንድም የጥቃት ሪፖርት አልደረሰንም፣ ደግሞ ይሄ የሴቶች ጉዳይ ክፍል ሥራ ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሪፖርት ካልመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሴቶቹ ለማን ይናገሩ የሚለው ነው። ከሌላ ቤተሰብ በጨርቅ መጋረጃ ብቻ ተለይታ የምታድር ሴት፣ ባሏ እንዳይፈታት፣ ሰው እንዳያወራባት፣ ያጠቃት ሰው እንዳይመለስባት እየፈራች ለማታውቀው የድርጅት ሠራተኛ መጥታ አትናገርም። የእርዳታ ድርጅቶች ጾታዊ ጥቃትን ለመከላከል በጋራ የሚመሩበት መመሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል። እዚያ ላይ ነገሩ ቁርጥ ብሎ ተቀምጧል፦ ማስረጃ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ አደጋ ባለበት ሁሉ ጾታዊ ጥቃት አለ ብላችሁ ሥራ ጀምሩ። ኃላፊነቱም ለሴቶች ክፍል ብቻ አልተተወም። ውሃ የሚያቀርበውም፣ መጠለያ የሚሠራውም፣ እህል የሚያድለውም የየራሱ ምዕራፍ አለው። የእናንተን ምዕራፍ አትመሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት።

ቁጥር ከፈለገ ደግሞ ስፊር የሚባለው የእርዳታ ሥራ ዝቅተኛ መስፈርት አለ። አደጋው በጀመረ ሰሞን አንድ ሽንት ቤት ለ50 ሰው ይፈቀዳል፣ ከዚያ ግን ወደ 20 ሰው መውረድ አለበት። በጋራ ሽንት ቤት ለ1 የወንድ 3 የሴት ያስፈልጋል። ከመኖሪያው ከ50 ሜትር ባይርቅ ይመረጣል፣ ከውስጥም መቆለፍ አለበት። እስቲ አስቢው፣ የበር መቀርቀሪያ ስንት ብር ነው? የአንድ ስብሰባ ሻይ ቡና ወጪ ለብዙ በር ይበቃል።

ግን ቁጥሩን አሟልቶ መሄድም አይበቃም። ሶላር መብራት ይተከልና ማታ ማታ ጎረምሶች ከሥሩ ይሰበሰባሉ፣ ሴቶቹም መብራት ወዳለበት ከመሄድ ጨለማውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ከመሥራታችሁ በፊት ሴቶቹንና ልጃገረዶቹን ለብቻቸው፣ በሴት ሠራተኛ ጠይቋቸው። «የተደፈረ አለ ወይ?» ብላችሁ በፍጹም እንዳትጠይቁ፤ ይሄ ጥያቄ ራሱ ሰው ይጎዳል። በየትኛው መንገድ መሄድ ትፈራላችሁ፣ ማታ ሽንት ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ፣ ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም የምትወጡት ስንት ሰዓት ነው በሏቸው። እነሱ የትኛው ጥግ አደገኛ እንደሆነ ከናንተ ካርታ በላይ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ የመጠለያው ኮሚቴ አባል ነኝ። ትናንት አንዲት የ20 ዓመት ወጣት እንጨት ለመልቀም ወጥታ ተደፍራ ተመለሰች። ለባለቤቴ ብቻ ነግራ ለማንም እንዳትናገር ለምናታለች። ወሬው ግን ለሽማግሌዎች ደርሷል። ያደረገው ልጅ እዚሁ መጠለያ ያለ ስለሆነ በእርቅ ይለቅ፣ ካስፈለገም ያግባት እያሉ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽማግሌዎቹ ይቆዩ። አሁን የሚቸኩለው ሕክምናው ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለው ደግሞ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል። የአባላዘር በሽታ መድኃኒትና የጉበት ክትባትም አለ። ትናንት ከሆነ ዛሬውኑ መድረስ ይቻላል። ባለቤትዎ ይህን በዝርዝር ይንገሯት፣ ከፈቀደች አብረዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ካልፈቀደች አያስገድዷት፣ ግን ሰዓቱን በግልጽ ይንገሯት። «መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» የሚል ካለ ቆፍጠን ብለው ይከራከሩላት፤ ሕክምና ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሰዓቱ ያለፈባት ሴት ብትኖርም ትሂድ፣ ብዙ የሚደረግላት ነገር አለ።

ባለቤትዎ ትልቅ አደራ ነው የተቀበሉት። ለምን ብቻሽን ሄድሽ፣ ለምን አልጮኽሽም የሚል ጥያቄ ከአፋቸው አይውጣ። ታሪኩን ደጋግማ እንድትናገርም አያድርጉ። እርስዎም ስሟን በኮሚቴ ስብሰባ ላይ አያንሱ፣ በመዝገብም አይጻፉ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። ሽማግሌ በመሬት፣ በከብት፣ በቤተሰብ ጠብ ብዙ ደም አድርቋል፣ ክብር ይገባዋል። እዚህ ላይ ግን ሥልጣኑ የለውም። በ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የ1949ኙ ሕግ አጥቂው ካገባት ክስ አይመሠረትበትም የሚል ቀዳዳ ነበረው፤ በአዲሱ ሕግ ያ ቀዳዳ የለም። ለሽማግሌዎቹ ይህን በትሕትና ግን ሳይፈሩ ይንገሯቸው። የደፈራትን ሰው ባል አድርጎ መስጠት ጥቃቱን በየሌሊቱ መድገም ነው።

ፖሊስ ጋ መሄድ አለመሄዱን ግን እሷ ትወስን። እኛ ተናደን እጇን ይዘን ብንወስዳት እሷ የማትፈልገውን ሌላ ነገር ጫንንባት ማለት ነው። በአንዳንድ ከተሞች ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ማዕከል የሚገኙበት አገልግሎት አለ፤ ቅርብ ካለ ይጠይቁላት። ካረገዘችም ሕጉ በአንቀጽ 551 ማቋረጥ ይፈቅድላታል፤ መደፈሯን ለማስረዳት የራሷ ቃል ብቻ ይበቃል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አያስፈልግም። እዚያው መጠለያ ከሱ ጋር መኖር ካልቻለች፣ ቦታ እንዲቀየር ሲጠየቅ ሁልጊዜ እሷ እንድትለቅ አይደረግ፤ እሱም ሊዛወር ይችላል።

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ስም የሚመዘግበው ሰውዬ ስሜ ከእህል ዝርዝሩ እንደወጣ ነገረኝና «ማታ ቤት ብትመጪ አስተካክልልሻለሁ» አለኝ። ብናገር ጭራሽ እንዳልቀር ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ሰው የሚሸጥልሽ ነገር የለውም፤ እህሉ የልጆችሽ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን መጠለያዎች እርዳታን በገላ የሚለውጡ ሠራተኞች ጉዳይ ከወጣ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት በ2003 ጥብቅ ደንብ አወጣ። እርዳታን በወሲብ መለወጥ ክልክል ነው፣ ሴትየዋ «እሺ» ብላ እንኳ ቢሆን። ያየ የሰማ ሠራተኛም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 625 በሴት ችግር ተጠቅሞ ወሲብ የሚፈጽምን ሰው ይቀጣል፤ ክሱ የሚጀምረው በአቤቱታ ነው።

ብቻሽን አትጋፈጪው፣ ማታም አትሂጂ። የምታምኛትን አንዲት ሴት ይዘሽ በቀን፣ ሰው ባለበት፣ ስምሽ ለምን እንደወጣ ጠይቂ። የነገረሽንና ቀኑን አስታውሺ ወይም አጽፊ። ከዚያ ለሌላ ድርጅት የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ንገሪ፣ የቅሬታ ስልክ ከተለጠፈም ደውይ። ስምሽን ሳትናገሪም ቅሬታ ማቅረብ ትችያለሽ። ቅሬታሽን የሚቀበለው ሰው የዚያ ሰውዬ አለቃ ወይም ጓደኛ መሆኑን ካወቅሽ ደግሞ እዚያ አትተዪው፤ ሌላ ቢሮ ሂጂ።