ፒክአፔን እቤቴ ልቀባት?

ጥያቄ፤ ከቡሬ

ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ደብል ካብ ፒክአፕ አለችኝ። በቆሎና በርበሬ እጭንባታለሁ፣ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ማዳበሪያ። የጭነት ሳጥኗ ወለል ቀለሙ ተልጦ አልቋል፣ ዝገትም ጀማምሮታል። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ በመርጫ የሚነፋ፣ ሲደርቅ ጥቁርና ሸካራ የሚሆን መከላከያ ቅብ አስቀብቶ አየሁና ልቤ ተነሳሳ። እቃው በጠርሙስ ይሸጣል አሉኝ። ጎሚስታ ቤት ያለው ጓደኛዬ ኮምፕረሰሩን ሊያውሰኝ ፈቃደኛ ነው። እቤቴ ራሴ ልቀባት እችላለሁ? ሬንጅስ ብቀባት? እሱ ይረክሳል።

መልስ

ትችላለህ። መጀመሪያ ግን የቅቡን ዓይነት እንለይ። ትልልቅ ጋራዦች የሚጠቀሙበት አንድ ዓይነት አለ፤ ማሽን ቅቡ የሚሠራባቸውን ሁለት ፈሳሾች አሙቆ በከፍተኛ ግፊት ይነፋቸዋል፣ በሰከንዶች ውስጥ ይጠነክራል። እሱ እቤት የሚሠራ አይደለም። ለአንተ የሚሆነው በጠርሙስ የሚመጣው ባለ ሁለት ፈሳሽ ፖሊዩረቴን ነው። ራፕተር የሚባለው ከነዚህ አንዱ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛውን ፈሳሽ፣ ማለትም ማጠንከሪያውን፣ ትጨምራለህ፣ በደንብ ትንጠዋለህ፣ መርጫውን አፉ ላይ ታስራለህ፣ ትነፋለህ። ለዚህ የጎሚስታው ኮምፕረሰር ይበቃል። የሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካው ትንሿ የጎማ መንፊያ ግን አታስበው።

ሬንጁን ተወው። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ናፍጣ ጠብ ሲልበት ይሟሟል፣ ጆንያ ላይ ይጣበቃል። የሰው በርበሬ ጭነህበት ሬንጅ ሬንጅ የሚል ነገር ገበያ ብታወርድ ማን ይገዛሃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መንፋቱ ቀላል ነው። ሥራው ያለው ማዘጋጀቱ ላይ ነው፣ ሰውም የሚቸኩለው እዚያው ላይ ነው። ቅቡ ዝገት አያድንም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ከተሸፈነ በኋላ ዝገቱ ከስር መብላቱን ይቀጥላል፤ ያኔ ደግሞ አታየውም።

በተለይ ማዳበሪያ ስለምትጭን አንድ ቦታ በደንብ እይልኝ። የሳጥኑ ወለል ከጋቢናው ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር የሚገጥምበትን መስመር። ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፣ ፍሬው ከተቀደደ ጆንያ ወጥቶ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ክረምቱን በሙሉ እርጥብ ሆኖ ላሜራውን ይበላል። ካቻቢቴ ያዝና መስመሩን እየተከተልክ ጫር ጫር አድርገው። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ስሩ ቡናማ ዱቄት ከወጣ ገና ላይ ላዩን ነው፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ካቻቢቴው ሰርጎ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ባቲላሜራ ጋ ሂድ፣ ተቆርጦ ይበየድ።

ዝገቱን አውጥተህ ስትጨርስ ሳጥኑን በፈሳሽ ሳሙና እጠበው፣ በውሃ አለቅልቀው፣ ይድረቅ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በአሴቶን ወይም በጥሩ ቲነር እያራስክ ጥረገው፣ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ቀይር። እኛ አገር ሁሉን ነገር በናፍጣ የማጠብ ልማድ አለ፣ እዚህ ላይ ግን ናፍጣ ጠላትህ ነው። ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ቅባት ያለበት ላይ ምንም ቅብ አይዝም። ንጽሕናውን መፈተን ከፈለግክ ውሃ ርጭ አድርግበት። ውሃው ተዘርግቶ ከተኛ ጥሩ ነው። ፍሬ ፍሬ እየሠራ ከተንከባለለ ቅባት አለ፣ ድገመው። ቅባቱ ሲለቅ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያልተላጠውን የድሮ ቀለም ጭምር ማብረቁ እስኪጠፋ ፈግፍገው፣ ምክንያቱም ቅቡ የሚይዘው ጭረት ሲያገኝ ነው፤ አቧራውንም ጠርገህ እንደገና በአሴቶን እለፍበት። እርቃኑን የቀረ ላሜራ ካለ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ከስር የሚቀባው የመጀመሪያ ቅብ፣ ይቀድማል።

ሁለት እጅ ነው የሚነፋው። ስንት ጠርሙስ እንደምትገዛ ለማወቅ ሜትር ይዘህ ለካ። የደብል ካብ ሳጥን ወደ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው፣ ቁመቱ ወደ ግማሽ ሜትር። ወለሉ 2.25 ካሬ፣ አራቱ ግድግዳ ተደምሮ 3 ካሬ፣ በጠቅላላ 5.25። ሁለት እጅ ሲሆን 10.5 ካሬ ሜትር። ባለ 4 ጠርሙሱ ኪት ለዚህ ያህል ነው የተሠራው።

ድብልቁ አብዛኛውን ጊዜ 3 እጅ ቅብ ለ1 እጅ ማጠንከሪያ ነው፣ ግን የገዛኸው ጠርሙስ ላይ ያለውን አንብብና እሱን ተከተል። በዓይን ግምት አይሆንም። ማጠንከሪያው ደፍርሶ ወይም ነጭ ነገር ጥሎ ካገኘኸው እርጥበት ገብቶበታልና መልሰው። ግፊቱን ከ3 እስከ 4 ባር አድርግ፣ መርጫውን ከላሜራው 45 ሳንቲሜትር ያህል አርቅ። ጠጋ ስትል ይለሰልሳል፣ ራቅ ስትል ይሸክራል። አንዱ እጅ ሲያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀህ ሁለተኛውን።

መብራት ነገር! አራቱንም ጠርሙስ በአንዴ በጥብጠህ መብራት ቢጠፋ በሙሉ ጠንክሮ ይቀርብሃል። አንዷን ጠርሙስ ጨርስና ሌላዋን በጥብጥ። መርጫውን ደግሞ ወዲያው በቲነር እጠብ። ውስጡ አንዴ ከጠነከረ የሚያሟሟው የለም።

ጊዜውስ? ክረምትን እርሳው። ማጠንከሪያው ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፣ ቅቡ አረፋ አረፋ ይሆናል። የኮምፕረሰሩን ታንክ ውሃም አስቀድመህ አፍስስ። ከኅዳር ወዲህ ያለውን በጋ ምረጥ። ያኔም ቢሆን ጤዛው ደህና አድርጎ ይድረቅ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምርና የማታው ብርድ ሳይመጣ ጨርስ። አቧራ እንዳይነሳ ግቢውን በዋዜማው ውሃ አርከፍክፈው። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን፣ ብሎኖቹንና የኋላ ስፖንዳውን መቆለፊያ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። መውረጃው ከተደፈነ ዝናብ ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል፣ ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ከተነፋ በኋላ ከባድ ጭነት ለአንድ ሳምንት ያህል ይቅር። ገበያ ቢያመልጥህም ታገሥ።

ጥያቄ፤ ከእንጅባራ

ባለቤቴ ድንች የምናመላልስባትን መኪና ግቢያችን ውስጥ ሊቀባ እቃውን ገዝቶ መጥቷል። ትንንሽ ልጆች አሉን፣ እኔም አስም አለብኝ። ሽታው ብቻ ነው ወይስ ጉዳት አለው? እሱ «የኮቪድ ማስክ አደርጋለሁ» ይላል።

መልስ

እህቴ፣ ጥሩ አደረግሽ የጠየቅሽ። ሽታ ብቻ አይደለም። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ነገር አለ፤ ሲነፋ በጭጋግ መልክ ወደ ሳንባ ይገባል፣ አስም የሌለበትን ሰው እንኳ አስም ሊያስይዝ ይችላል። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ በጥቂቱም ይነሳበታል። የኮቪድ ማስክ ለዚህ ምንም አያደርግም። የካርቦን ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚይዝ ማስክ ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎቹማ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣውን ነው የሚያደርጉት። መነጽር፣ ጓንት፣ ሙሉ ልብስም ይጨመርበት።

አንቺና ልጆቹ በዚያ ቀን ዘመድ ቤት ዋሉ። ይህን በምንም አትደራደሪበት። ግቢው ውስጥ እሳት አይኑር፣ ከሰልም ቢሆን፣ ምክንያቱም ቲነሩም ቅቡም ተቀጣጣይ ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ እንጂ በር የተዘጋ መጋዘን ውስጥ አትሁን። የጎረቤት ልብስ የተሰጣበት ወይም መኪና የቆመበት አቅጣጫ ነፋሱ እየነፈሰ ከሆነም ይቆይ። ጭጋጉ ርቆ ሄዶ ይለጠፋል፣ ከደረቀ አይለቅም።

ባለቤትሽ ተገቢውን ማስክ ካላገኘ በሮለር ይቀባው። አንዳንዱ ቅብ በሮለርም ይሠራል፣ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። መልኩ እንደ ተነፋው አያምርም፣ ድንች ለመጫን ግን ምን ጎደለው? ጭጋጉ ይቀንሳል። ያም ሆኖ ማስኩን ማፈላለጉን አይተው፣ አንቺም ሆንሽ ልጆቹ ቅቡ እስኪደርቅ አትጠጉ።

ጥያቄ፤ ከደጀን

ሳጥኑን ቀብቼ ተርፎኛል፣ አንድ ጠርሙስ። መኪናውን ከስር ልንፋበት አሰብኩ። ምን ይሉኛል?

መልስ

ጭቃና ጠጠር የሚመታው የፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ውስጡ ላይ ከሆነ መልካም ነው፣ እንደ ሳጥኑ አዘጋጅተው ይንፉት። ከስር ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት ሲቀቡት ከኖሩ ግን ዘይቱ እስኪለቅ ድረስ አይሞክሩት፣ አይዝም።

ፍሬኑን በጥብቅ ይጠብቁት። ዲስኩ፣ ታንቡሩ፣ የፍሬን ቱቦው፣ ማርሚታው ላይ ጠብታ እንዳይደርስ በላስቲክ ይሸፍኑ። እርስዎ ያሉት ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል በፍሬን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ዲስክ ምን ያህል እንደሚግል አይነገረውም፣ እዚያ ላይ የተለጠፈ ቅብ ፍሬን ያንሸራትታል።

ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርም ይሸፍኑት። ቅብ ከለበሰ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ቁጥሩን ማንበብ አይቻልም፣ መፋቅ ሊኖርብዎ ነው። ጠርሙሱ ማጠንከሪያው ካልተጨመረበት ቆልፈው ብርድና ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያስቀምጡት፣ ሳጥኑ ላይ ድንጋይ የላጠውን ለመጠገን ይሆንዎታል።