ግድግዳ የምትልሰው ጥጃ

የዛሬ ወር ገደማ ሱሉልታ ላይ ወተት ላም የጀመረ አንድ ልጅ በቴሌግራም የከረጢት ፎቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ማዕድን ለጥጃ ስትረስ ፍቱን ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ስንት ማንኪያ ልስጥ?» ይላል። ማንኪያውን ተወውና መጀመሪያ ጥጆቹን ልያቸው ብዬ ሄድኩ።

አራት ናቸው። አንዷ የግድግዳውን ጭቃ ትልሳለች። በአፏ ቁመት ልክ ምርጊቱ ተቦርቡሮ ጭዱ ወጥቷል። ስጠይቀው ለካ ልጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወተት ከልክሏቸዋል፣ ቀንዳቸውን አቃጥሏል፣ በዚያ ላይ በረት ቀይሮላቸዋል። እኔ ብሆንም ግድግዳ እልስ ነበር!

ስለዚህ እናንተ ከብት ቤት ገና የምትጀምሩ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማዕድን ጭንቀትን አያጠፋም። ጭንቀት የወሰደውን ነው የሚተካው። እንስሳ ሲጨነቅ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ መኖ መብላት ይቀንሳል፣ እንደ ዚንክና ክሮሚየም ያሉትን ማዕድናት ደግሞ ከወትሮው በላይ በሽንቱ ያፈሳል። ገቢ ቀንሶ ወጪ ሲጨምር ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሰውነቱ በሽታ መከላከል ያቅተዋል፣ ሳምባ ምቹም ተቅማጡም ያኔ ይመጣል።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ጭራሽ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. የካናዳው ጌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉዞ ላንገላታቸው ጥጆች ክሮሚየም ሰጥተው ኮርቲሶላቸው ሲቀንስ፣ ክብደታቸውም ሲጨምር አይተዋል። ከዚያ በኋላ የተሞከረው ግን አንዱ ጋ ሲሠራ ሌላው ጋ ሳይሠራ ነው የቀጠለው። ይሄኛውን ነጋዴ አይነግራችሁም።

የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ሰበታ አካባቢ ለፋሲካ በግ የሚያደልብ ሰው ምክር ጠየቀኝ። እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ፣ በጎቹ በጉዞ እንዳይጎዱ ለወተት ላም የተዘጋጀ ማዕድን ከፉርሽካ ጋር እያደባለቀ እንዲሰጣቸው ነገርኩት። ሁለት ወር ሙሉ አንድም በግ አልሳለም፣ እኔም በየሄድኩበት ወሬውን ነዛሁ። ከዚያ ለገበያ አይሱዙ ላይ ተጫኑ። በሁለተኛው ቀን ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፣ ሽንታቸው ቡና መሰለ፣ ተራ በተራ መውደቅ ጀመሩ። አንዱን ቀድጄ ሳየው ኩላሊቱ እንደ ጠመንጃ ብረት ጠቁሯል። የገደላቸው በላም ማዕድኑ ውስጥ ያለው መዳብ ነው። በግ መዳብን እንደ ከብት ከሰውነቱ ማስወጣት አይችልም፣ ጉበቱ ውስጥ ዝም ብሎ ያጠራቅመዋል፣ ላዩ ላይ ምንም አይታይም። የሚጨነቅበት ቀን ሲመጣ ጉበቱ ያን ሁሉ በአንዴ ወደ ደም ይለቀዋል፣ ቀይ የደም ሴሎቹም ይፈነዳሉ። ለጭንቀት ብዬ የሰጠሁት ነገር በጭንቀታቸው ቀን ገደላቸው። ሰውየው አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴሌኒየምም እንዲሁ ነው። ከብት ከአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ የሚፈልገው 0.3 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው፣ 5 ሚሊ ግራም ሲደርስ ደግሞ የአደጋው ድንበር ላይ ነን። ይህን በሻይ ማንኪያ የሚለካ ሰው እስካሁን አላየሁም። ፕሪሚክስ፣ ማለትም ፋብሪካ መጥኖ የደባለቀውን ማዕድን ግዙ፣ ለየትኛው እንስሳ እንደሆነ አንብቡ፣ የሴሌኒየም መርፌና ሴሌኒየም ያለበትን ከረጢት ባንድ ላይ አትስጡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እንገር አለ። 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት 3 ሊትር ገደማ ማግኘት አለበት፣ 24 ሰዓት ካለፈ አንጀቱ የበሽታ መከላከያውን ወደ ደሙ አያሳልፍም። እንገር አፍልቶ ለጎረቤት ማቅመስ ደስ ይላል፣ እኔም እወዳለሁ፣ ግን ጥጃው ይቅደም።

ፉርሽካ ላይ ብቻ ለምትተማመኑም፣ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ ካልሲየሙ ግን የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካልጨመራችሁበት ወንዶቹ በሽንት ጠጠር ይያዛሉ።

ለሱሉልታው ልጅ አሞሌ ጨው በገመድ አንጠልጥልላቸው፣ ወይም አባቶቻችን እንደሚያደርጉት ቦሌ አምጣላቸው አልኩት። የሚላሰውን አፈር ማለቴ ነው፣ ኤርፖርቱ ያለበትን ሰፈር አይደለም። ንጹህ ውሃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፊታቸው አይጥፋ፣ ያለ ውሃ ጨው ራሱ ይገድላል። ወተቱን መልስላቸው፣ የጥጃ መኖ በቀን 1 ኪሎ ገደማ ሦስት ቀን በተከታታይ ሲበሉ ወተቱን ቀስ በቀስ ቀንስ፣ ያን ሰሞን ሌላ ነገር አትንካባቸው። ከረጢቱን ለጊዜው አስቀምጠው።

ትናንት ፎቶ ላከልኝ። ምርጊቱ ተጠግኗል፣ የተላሰ ቦታ የለም፣ አሞሌው ግን በግማሽ አልቋል። ከጥጆቹ ጀርባ ግድግዳው ሥር ከረጢቱ ይታያል፣ አፉ ተከፍቶ ማንኪያ ተሰክቶበታል። ማታ እደውልለታለሁ።