ምርመራው ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው፤ ወንድ ነኝ። ቀን የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ፣ ማታ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ማጅራቴንና የግራ ትከሻዬን መታመም ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ የወር ሒሳብ የምንዘጋ ሰሞን ብቻ ነበር የሚጠዘጥዘኝ፤ አሁን ከእንቅልፌ ስነሣ ጀምሮ አብሮኝ ይውላል። መንጋጋዬ ይደርቃል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግንባሬን ዙሪያውን ጨምድዶ የሚይዝ ራስ ምታት ይመጣል። ደም ተመረመርኩ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ የአንገት ኤምአርአይም ተነሣሁ። ውጤቱ ላይ «ትንሽ ወጣ ያለ ዲስክ» የሚል አለ፤ ሐኪሙ ግን ወረቀቱን አጥፎ «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው፣ ዘና በል» ብሎ ሸኘኝ። ምንም ከሌለብኝ ለምን ያመኛል? ቤተሰቦቼ «እያሰብከው ነው» ይሉኛል። ሌሊት ስልኬን ይዤ ስለ ነርቭ በሽታና ስለ ካንሰር ሳነብ ይነጋል። አንዳንዴ ልቤ ድንገት መምታት ይጀምርና የምሞት ይመስለኛል። ማስታገሻ በየቀኑ እወስዳለሁ ማለት ይቻላል። ዲስኩ እንዳይባባስ ብዬ እግር ኳስ ትቻለሁ። ሥራዬንስ ልልቀቅ? እውነቱን ይንገሩኝ፤ እያበድኩ ነው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሣ። አላበድክም፤ ሕመሙንም ከሐሳብህ አልፈጠርከውም። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ፋይሉን በብብቱ ይዞ፣ ገና ሳይቀመጥ «ሁሉም ምንም የለብህም ይሉኛል» እያለ የሚገባ ወጣት ብዙ አያለሁ። አንዳንዶቹ «ምነው ምርመራው አንድ ነገር ባሳየልኝ» እስከማለት ይደርሳሉ። አይፈረድባቸውም፤ ስም የወጣለትን በሽታ ቤተሰብም አለቃም ያምነዋል።

ሐኪምህ የነገረህ ሐሰት አይደለም፤ ንግግሩን ግማሽ ላይ ነው የተወው። ሲሟላ እንዲህ መሆን ነበረበት፦ አጥንትህ ደኅና ነው፣ ነርቭህን የተጫነ ነገር የለም፣ ደምህም ምንም አላሳየም፤ ሕመሙ በሌላ መንገድ ነው የመጣው፣ እሱንም እናክመዋለን። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ ሕመም የአካልም የስሜትም ጉዳይ ነው፤ ሰውነት ተጎድቶም ሆነ የተጎዳ ያህል ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ ሰው «ያመኛል» ካለ ደግሞ ቃሉ ሊከበርለት ይገባል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው 11ኛው የበሽታዎች መለያ፣ ከሦስት ወር በላይ የቆየና በሌላ በሽታ የማይብራራ ሕመምን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ መዝግቦታል። ስም ከፈለግህ እንግዲህ ስም አለው። ያንተ እሱ ይሁን አይሁን የሚወስነው ግን በአካል ያየህ ሐኪም ነው።

ከዲስኩ (በአንገት አጥንቶች መሐል ካለው ትራስ መሰል አካል) ይልቅ የጎዳችህ ያቺ የኤምአርአይ መስመር ሳትሆን አልቀረችም። ጃፓን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 1,211 ምንም የማያማቸው ሰዎችን አንገት በኤምአርአይ አይቶ ነበር። 87.6 በመቶዎቹ ወጣ ያለ ዲስክ ተገኘባቸው። በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉት እንኳ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ነበረባቸው። አንዳቸውም ግን አላመማቸውም። እኔ ብሆን የምርመራ ውጤት ለታካሚ ሲሰጥ እንዲህ ያለው ቁጥር አብሮ ይጻፍ እላለሁ፤ ስንቱ ሰው አንዲት ቃል አንብቦ አንገቱን እንደ ዕንቁላል ተሸክሞ ይዞራል መሰለህ።

ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ? ነገ ቢሮ ስትገባ አንድ ነገር ተመልከት። የአለቃህ መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል፣ ገና ሳትከፍተው፣ እጅህ ማውሱ ላይ እንዳለ ቆም በልና ራስህን እይ። የግራ ትከሻህ ወደ ጆሮህ ወጥቷል። የላይኛውና የታችኛው ጥርስህ ገጥመዋል፤ ዝም ብለን በተቀመጥን ጊዜ ከንፈር ቢገጥምም ጥርስና ጥርስ መነካካት የለባቸውም። ትንፋሽህን ደግሞ ሳይታወቅህ ይዘኸዋል። ሰውነትህ ሊመታው እንደመጣ ነገር ነው መልእክቱን የተቀበለው፤ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ጡንቻ ይጠብቃል። ይህ አንዴ ቢሆን ይለቅህ ነበር። ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያም ማታ ክፍል ውስጥ ሲደጋገም ግን ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው ሰፊ ጡንቻ ዕረፍት አያገኝም። ጉዳዩ በጡንቻው ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ሕመም የሚያስተላልፉት ነርቮችና አንጎል ውስጥ የሚቀበሉት ክፍሎችም ከመደጋገም ብዛት ስስ ይሆናሉ። ቀድሞ የማይታወቅህ ንክኪ አሁን ያምሃል። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ይብስበታል። ሕመሙ የወር መዝጊያ ሰሞን ጀምሮ ኋላ የዘወትር መሆኑን አንተው ጽፈኸዋል፤ መንገዱ ይኸው ነው።

«ዘና በል» የሚለውን ምክር እኔም አልወደውም፤ እንዴት እንደሆነ የሚያሳይ የለም። ሰው «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል አየር በሙሉ ኃይሉ ይስባል፣ ትከሻውን አብሮ ያነሣል፣ ከዚያም ያዞረዋል። አንተ መሳቡን ተወውና ማስወጣቱን አስረዝም፤ አራት እየቆጠርክ በአፍንጫህ በዝግታ ብትስብ ስድስት እየቆጠርክ አውጣ። ለትከሻህ ደግሞ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ካለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ያስተማረው ዘዴ አለ። ሆን ብለህ ትከሻህን ወደ ላይ ወጥረህ አምስት ያህል ቁጠርና ባንዴ ልቀቀው፤ ሲለቅ ያለውን ልዩነት ልብ በል። ብዙ ሰው ጡንቻው መወጠሩን የሚያውቀው ከለቀቀው በኋላ ነው። መንጋጋህንም፣ መዳፍህንም በየተራ እንዲሁ አድርግ። ከአንድ ረጅም ልምምድ ይልቅ በየሥራው መሐል የምትሠራቸው አጫጭሮቹ ይበልጥ ይጠቅሙሃል።

አሁን ወደ ማስታገሻው ልምጣ፤ ደብዳቤህን ሳነብ ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ኮዴይን ወይም ካፌይን የተቀላቀለባቸው ሲሆኑ ደግሞ ገደቡ ወደ 10 ቀን ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ራስ ምታትህ በከፊል ከዚህ ሊሆን ይችላል። የወሰድክበትን ቀን ሁሉ ካላንደር ላይ ምልክት አድርግና ወሩ ሲያልቅ ለሐኪም አሳይ። አቋርጥ ከተባልክ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታቱ ሊብስ እንደሚችል ከወዲሁ እወቅ፤ ኮዴይን ያለበትን ግን በራስህ ውሳኔ ባንዴ አትተው።

እግር ኳሱን መተውህን አልደገፍኩትም። አንገትህ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ግን ደግሞ እንዳንተ ያሉ ሰዎች ሌላም ልማድ አላቸው፤ ሻል ባላቸው ቀን የሳምንቱን ሁሉ ይሠሩና ከዚያ ተጋድመው ይሰነብታሉ፤ «ይኸው መንቀሳቀስ አይሆነኝም» ይላሉ። ባመመህ ቀን እንኳ ልትራመደው የምትችለውን ያህል ደቂቃ ምረጥ፤ አሥር ከሆነ ከአሥር አነስ አድርገህ ጀምር። ባመመህም በተሻለህም ቀን ያንኑ ያህል ሂድ፤ በተሻለህ ቀን «ልጨምር» የሚልህን ስሜት አትስማው። በሳምንት በሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ጨምር። ከዚያ ኳሷን ብቻህን መንካት፣ ከዚያ አጭር ግጥሚያ። ሲጀምሩ ትንሽ ቆርጠም ማድረጉ ጉዳት አይደለም፤ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ነው ማለት ነው።

ልብህ ድንገት ሲመታ የምትሞት የሚመስልህን ነገር አንድ ጊዜ ልብህን ታይተህ አረጋግጥ። ልብህ ደኅና ነው ከተባልክ፣ ያ የድንጋጤ ማዕበል ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ እንደሚወርድ እወቅ። ሲመጣ ከነበርክበት አትሽሽ፤ እግርህን መሬት አስረግጠህ ቁጭ በልና ትንፋሽህን እያስረዘምክ ቆየው። ስልኩን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ሌሊት ከመኝታ ክፍልህ ውጭ ይደር። የበሽታ ንባብ ለጊዜው ያረጋጋል፣ ወዲያው ሌላ ጥርጣሬ ይወልዳል፤ አንተም ታውቀዋለህ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታይ ብዬ የምመክርህ ስላበድክ አይደለም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2021 ለእንዲህ ያለ ሕመም የመከረው ከማስታገሻ ክኒን ይልቅ እንቅስቃሴን፣ ሐሳብና ልማድን የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምናን፣ አንዳንዴም የድባቴ መድኃኒትን ነው። ስለዚህ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ቢያዝልህ «ድባቴ አለብህ ብሎኛል» ብለህ አትቀየም፤ የነርቭን ሕመም አስተላላፊነትም ያበርዳል።

ሥራህን ስለ መልቀቅ፦ ወር በምትዘጉበት ሰሞን ይህን አትወስን። ሁለት ጭነት ተሸክመሃል፤ ከማታው ትምህርት ለአንድ ወሰነ ትምህርት ጥቂት ኮርስ ቀንስና እይ። ሥራ ከመልቀቅ ይህ በቀላሉ ይመለሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምርና ልጨርስ። እጅህ ወይም እግርህ ከደከመ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ፣ ትኩሳት ወይም ያለምክንያት ክብደት መቀነስ ከመጣ፣ በሕይወትህ አይተኸው የማታውቅ ከባድ ራስ ምታት በድንገት ካጋጠመህ፣ ይህን ሁሉ ምክር ተወውና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦

እኅቴ 22 ዓመቷ ነው። ወገቧንና ሆዷን ያማታል፤ ተመርምራ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ነው ተብላለች። ቤት ውስጥ ሁላችንም ጠዋት ማታ «ዛሬስ እንዴት ነሽ? አመመሽ?» እንላታለን፤ ልብሷን እንኳ እኛ ነን የምናጥብላት። እየረዳናት ነው ወይስ እየጎዳናት?

መልስ፦

ልባችሁ ቅን ነው፤ ግን በቀን ደጋግሞ «አመመሽ?» የተባለ ሰው በቀን ደጋግሞ ሕመሙን ይፈልጋል። ስለ ሌላ ነገር ጠይቋት፤ ስለ ጓደኛዋ፣ ስለምታነበው፣ ስለሚያስቃት። ሕመሟን ማውራት ከፈለገች ራሷ ትጀምር፤ ያን ጊዜ ሥራችሁን አቁማችሁ ስሟት። ልብሷን ደግሞ መልሱላት። ሁሉንም ባንዴ አይደለም፤ ተቀምጣ የምታጥባቸውን ጥቂቶቹን። በተቃራኒው ደግሞ ነገ ከቤታችሁ አንዱ ሲሰለቸው «ታስመስላለች» እንዳይል አደራ፤ ያ ቃል ከተሰማ በኋላ ሕመሟን መደበቅ ትጀምራለች፣ እናንተም ምን ላይ እንዳለች አታውቁም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ካልጠላች አብረሃት ግባ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም፣ የወር አበባዋ ከሕመሙ ጋር ይገናኝ እንደሆነ፣ ጠዋት ስትነሣ ወገቧ ከግማሽ ሰዓት በላይ ደርቆ እየቆየ ስትንቀሳቀስ የሚፍታታላት እንደሆነ ቀድማችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። የመጨረሻው በተለይ በወጣቶች ላይ የሚታይ የመገጣጠሚያ ብግነት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ «ጭንቀት ነው» ከተባለም በኋላ ቢነሣ ነውር የለውም። መኖር ሰለቸኝ ዓይነት ነገር ከተናገረች ግን እንደ ንዴት ቃል አትውሰዱት፤ ብቻዋን አትተዋት፣ ምን እያሰበች እንደሆነ በግልጽ ጠይቃት፣ በዚያው ቀንም ወደ ሕክምና ይዘሃት ሂድ።