የባቄላ ሥር፣ ባክቴሪያና ፈንገስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባቄላ ላይ ሪዞቢየም የሚባለውን ባክቴሪያ እንጠቀማለን። ማይኮራይዛ የተባለው ፈንገስም ይረዳል ሲሉ እሰማለሁ። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?

መልስ፦ ፎስፈረስ። ሪዞቢየም ሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚወስደው መልክ ይለውጣል። ሥራው ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ጉልበቱም ያለ ፎስፈረስ አይገኝም። ፎስፈረስ ግን አፈር ውስጥ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ጥቂት ሚሊሜትር ጨርሶ ይራባል። ያኔ የማይኮራይዛ ክር ሴንቲሜትሮች ርቆ ሄዶ ያመጣለታል። ክሩ ብቻውንም አይሠራም፤ እነ ባሲለስና ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ከክሩ የሚወጣውን ስኳር እየተመገቡ የታሰረውን ፎስፈረስ ያላቅቁለታል። የሁሉንም ቀለብ የሚችለው ባቄላው ነው።

ጥያቄ፦ 50 ኪሎ ዘር እንዴት ልለውስ?

መልስ፦ 50 ኪሎው የሩብ ሄክታር ዘር ነው፤ ለሄክታር 500 ግራም በሚለው መጠን፣ ለሩብ ሄክታር 125 ግራም ሕያው ማዳበሪያ (ሪዞቢየም ያለበት ዱቄት) ይበቃል። ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ትንሽ ስኳር አሟሙታችሁ ጥላ ሥር ዘሩን አርጥቡት፤ መርጠብ እንጂ መዘፈቅ የለበትም። ዱቄቱን ነስንሳችሁ ሁሉም ፍሬ እስኪጠቁር አገላብጡ። በዚያው ቀን ዘርታችሁ ወዲያው አፈር አልብሱ፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ከማዳበሪያ ወይም ከፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጋር አትደባልቁት።

ጥያቄ፦ የሽምብራው ሕያው ማዳበሪያ ለባቄላ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ከባቄላ ጋር የሚጋሩት አተርና ምስር ናቸው።

ጥያቄ፦ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ማበብ ሲጀምር አምስት ስድስት ተክል ከነአፈሩ በአካፋ አንሡና ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ጎትታችሁ ከነቀላችሁ እባጩ መሬት ውስጥ ይቀራል። እባጩን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሥጋ መስሎ ከቀላ ይሠራል፤ ከነጣ አይሠራም፤ አረንጓዴ ከሆነ አርጅቷል። በጣት ሲነካ የማይላቀቅና ሥሩ ራሱ ያበጠ ከሆነ ግን ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ ደቃቅ ትል) ጠርጥሩ። ማይኮራይዛ በዓይን አይታይም፤ ሥሩ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ ዩሪያ ስጨምር እባጩ ለምን ቀነሰ?

መልስ፦ ናይትሮጅን የጠገበ ተክል ባክቴሪያ አይቀልብም። 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ ለመነሻ በቂ ነው። ፎስፈረስ ሲበዛም ፈንገሱ እንዲሁ ይገፋል።

ጥያቄ፦ አምና ጎመንዘር ዘርቼ ነበር፤ ይጎዳል?

መልስ፦ ጎመንዘር ማይኮራይዛን አያስጠጋም፤ ግብጦም ጥራጥሬ ሆኖ ሳለ እንዲሁ ነው። ፈንገሱ አይጠፋም፣ ይሳሳል እንጂ። ገብስ ወይም ስንዴ ቀድሞ ቢገባ ይሻላል። ደጋግሞ ማረስም ክሩን ይበጣጥሳል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ከሆነ ግን ሁሉንም ትታችሁ መጀመሪያ ኖራ፤ ከዘር አንድ ወር ቀደም ብሎ።