ልጄ መቁረብ ጀመረች

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ ግራ ገብቶናል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። የፍስክ ድስት አልነካም ብላ የራሷን ገዝታለች። በፍልሰታ ደግሞ ቆረበች። እኔ በደርግ ጊዜ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከሕማማት ሳምንት ውጪ ጾሜ አላውቅም። እናቷ «ቆራቢ ሆና ማን ያገባታል?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ልጅቷ ጨጓራም አለባት። ምን ይሻለናል? (ከአዳማ፣ አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ ለኔ በብዛት የሚደርሰኝ «ልጄ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ» የሚል ደብዳቤ ነው። የእርስዎ ተገላቢጦሹ ነው፤ ብርቅ ግን አይደለም። የእርስዎ ዘመን ወጣት እሑድ ጠዋት ለቀበሌ ስብሰባ ይጠራ ነበር። ልጅዎ ደግሞ ግቢ ጉባኤ፣ ማለትም ማኅበረ ቅዱሳን የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጠውን የሃይማኖት ትምህርት፣ ተምራ ነው የወጣችው። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ስንቱ ተማሪ በዚያ አልፏል። እኛ እናታችን ስለጾመች እንጾም ነበር፤ እነሱ ለምን እንደሚጾሙ ተምረው ይመጣሉ። አንዳንዴ ቤተሰቡንም ማረም ያምራቸዋል። እሱ ያናድዳል፣ አልክድዎትም።

ስለ ቁርባኑ እናቷን ያረጋጉልኝ። በልማዳችን የሚቆርቡት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ወጣቱ «ብሳሳትስ?» እያለ ይሸሻል። ቤተ ክርስቲያን ግን ወጣት አይቁረብ አላለችም። ልጄ ባል ታጣለች ብላም አትስጋ። ዛሬ ሰንበት ትምህርት ቤት ብትሄዱ በተክሊል (በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቆርቤ) ልጋባ የሚል ወንድ ሞልቷል።

እኔን ያሳሰበኝ ጨጓራዋ ነው። ለመቁረብ ብቻ 18 ሰዓት ምግብም ውኃም የለም። ለታመመ ሰው ግን የንስሐ አባቱ ጾሙን ያቀሉለታል፤ ይሄ የታወቀ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ «ቁርስ ብዪ» እያሉ አይጨቅጭቋት። «የንስሐ አባትሽ ጨጓራ እንዳለብሽ ያውቃሉ?» ብለው አንዴ ይጠይቋት። ሐኪሙ ያላትንም ይዛ ትሂድና ትንገራቸው። ቲክቶክ ላይ የምትሰማው ሰባኪ (መቼም ትሰማለች!) የሷን ሆድ አያውቅም።

ድስቷን ይተዉላት። ይልቅ ረቡዕና ዓርብ ለቤቱ ሁሉ አንድ የጾም ሽሮ ቢሠራ ጠቡ በግማሽ ይቀላል። እርስዎ ቅቤ ካማረዎት ሐሙስ ይድረሱበት።