ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ፖዘቲቭ ያለበትን ቀን በቃለ መጠይቅ ላይ ላንሣው?

ውድ ጠያቂ፣

በአንድ ላቦራቶሪ የፒሲአር (የቫይረስን ዘረመል አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) ክፍል ሁለት ዓመት እንደሠሩ፣ ቫይረስ ጨርሶ ሊገኝበት የማይገባው ኔጌቲቭ ኮንትሮል ሦስት ቀን በተከታታይ ፖዘቲቭ በማሳየቱ ውጤት እንዳይወጣ በማስቆምዎ ከኃላፊዎ ጋር እንደተጋጩ ገልጸው፣ ይህን ለአዲሱ ቀጣሪ መደበቅ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። አይደብቁት፤ በማመልከቻዎ ካሰፈሩት ሁሉ የሚበልጠው ብቃትዎ ይህ ይመስለኛል።

ኮንትሮሉ የተነሣው፣ ማለትም ምልክት የሰጠው፣ ዘግይቶ በ37ኛው የማባዛት ዑደት ስለሆነ ኃላፊዎ «ደካማ ነው፣ ይለፍ» ማለታቸውን ጽፈዋል። በዚያው ዑደት አካባቢ የሚነሣ የሕመምተኛ ናሙና ግን ከብክለቱ በምን ይለያል? እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ያሠራጨው የኮሮና መመርመሪያ ኪት ቫይረስ በሌለበት ኮንትሮል ላይ ምላሽ ይሰጥ እንደነበር የደረሱበት፣ ሕመምተኛ ከመመርመራቸው በፊት ኪቱን የፈተሹት የየግዛቱ ላቦራቶሪዎች ባለሙያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤክስኤምአርቪ የተባለውን ቫይረስ ሥር ከሰደደ የድካም ሕመም ጋር ያያያዘው ጥናትም፣ ከሪኤጀንት (ከመመርመሪያ ኬሚካል) እና ከናሙና ብክለት የመነጨ መሆኑን የሚያመለክቱ ማስረጃዎች ከተከማቹ በኋላ በ2011 ከመጽሔቱ ተሰርዟል።

በቃለ መጠይቁ ኃላፊዎን አይክሰሱ፤ ጠያቂዎቹ ነገ ስለ እነሱም እንዲሁ እንደሚያወሩ ያስባሉ። ይልቁንም ምንጩን እንዴት እንደፈለጉ በቅደም ተከተል ያስረዱ። ከኤክስትራክሽን (ዘረመሉ ከናሙናው ተለይቶ ከሚወጣበት ደረጃ) ጀምሮ ያለፈው ባዶ ናሙና ብቻ ፖዘቲቭ ሆኖ በፒሲአሩ ላይ ብቻ የተጨመረው ውኃ ንጹሕ ከነበረ ጥርጣሬው ወደ ኤክስትራክሽን ኪቱ ይሄዳል፤ ሁለቱም ከተነሡ ደግሞ ማስተር ሚክሱ (የፒሲአሩ ሪኤጀንቶች ቅይጥ)፣ ውኃው፣ ፒፔቱ (ፈሳሽ መለኪያው) ወይም ቀደም ሲል ከተባዛ ዲኤንኤ የተረፈው ብናኝ ይመረመራል። ሪኤጀንቶቹን አንድ በአንድ በአዲስ ሎት (በሌላ ዙር በተመረተ) ተክተው ከሆነ የትኛው ሲቀየር ምልክቱ እንደጠፋ ይናገሩ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጥለው ከሆነም ያንኑ ይናገሩ፣ ጥፋተኛው የትኛው እንደነበር ሳይታወቅ መቅረቱን ጭምር።

ብልህ ጠያቂ ካጋጠመዎት ከሦስቱ ቀናት በፊት በዚያው ሎት ተሠርተው የወጡ ፖዘቲቭ ውጤቶች ምን እንደሆኑ መጠየቁ አይቀርም። እንደገና ተመርምረው ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ካልተመረመሩ፣ ዛሬ ቢሆን በሎት ቁጥሩ ለይተው እንዲደገሙ በጽሑፍ እንደሚጠይቁ ይግለጹ፤ የሕመምተኛ መዝገብም ሆነ የላቦራቶሪውን ሰነድ ለማስረጃ ብለው ይዘው እንዳይሄዱ አደራ።