ተሰብሮ የቀረ ስታድ በብየዳ ሲወጣ

ጥያቄ፦ የፒካፔን የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ስናወርድ አንዱ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ስታድ (ራስ የሌለው ብሎን) ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት እኩል ተሰበረ። ዳዶ በይደን ለማዞር ብንሞክርም ሁለቴ ተላቀቀ። ምን ይሻላል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ዘዴው ትክክለኛ ነው፤ አይተዉት። ዳዶ የሚላቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ብየዳው ዳዶውን ብቻ ይዞ ስታዱን ሳይዝ ሲቀር ነው። አርኩ (የብየዳው ብልጭታ) መጀመር ያለበት ከመሐል፣ ከተሰበረው ስታድ ላይ ነው።

አስቀድመው ቴስታታውን በማግኔት ይፈትሹ። ካልሳበ አሉሚኒየም ነው፤ የብረት ብየዳ ስለማይዘው ሥራው ይቀላል። ከሳበ ካስት አይረን ነው፤ ብየዳው የቀዳዳውን ግድግዳ ከነካ ስታዱን አብሮ ያጣብቀዋልና ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ የብየዳውን የመሬት ገመድ ራሱ ቴስታታው ላይ ይያዙ። የስታዱን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይፈግፍጉ። በብሬክ ማጽጃ አጥቦ መበየድ ግን ክልክል ነው፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት በብየዳ ሙቀት ገዳይ ጋዝ ያወጣል።

ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ሮንዴላ መሐል ለመሐል ያስቀምጡ። 7018 በሚባል ደረቅ የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ከ80 እስከ 90 አምፔር፣ በቀዳዳው በኩል ስታዱንና ሮንዴላውን ያያይዙ። ጥቀርሻውን አራግፈው ባለ 10 ዳዶ ከላይ ያኑሩና ውስጡን ሞልተው ይበይዱ። ዳዶው ዚንክ የተቀባ ከሆነ ቀድሞ በግራይንደር ይላጥ፤ ጭሱ ያሳምማል፣ ብየዳውንም ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ክንድ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። የጋለው ስታድ ሊሰፋ ሲል ቀዳዳው ያፍነዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና የዝገቱን ማጣበቂያ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ቀይ ሆኖ ሳለ አያዙሩት፣ ለስላሳ ስለሆነ ይጠመዘዛል። ውኃም አያፍስሱበት፣ ካስት አይረን ይሰነጠቃል። ቅላቱ ጠፍቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲያልፍ በ17 ቁልፍ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ጥቂት ጥቂት ያወዛውዙ። ቁልፉን ሲለቁ ዳዶው ወደ ቦታው ከተመለሰ ስታዱ እየተጠመዘዘ እንጂ እየዞረ አይደለም፤ ያቁሙና እንደገና ያግሉት። በዞረበት ቦታ ቆሞ ከቀረ ግን ተላቋል። ዝገት ፈቺ ዘይት የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ ከብየዳ በፊት ካፈሰሱት ይነዳል።

ጥያቄ፦ ብሎን ማውጫው (የተሰበረ ብሎን ውስጥ ገብቶ አዙሮ የሚያወጣው መሣሪያ) ራሱ ስታዱ ውስጥ ተሰብሮ ቢቀርስ?

መልስ፦ ማውጫው እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ተራ መሰርሰሪያ አይበላውም፣ ወደ ጎን ተንሸራቶ ቴስታታውን ይቦረቡራል እንጂ። ጫፉ ብቅ ካለ ከላይ የተጻፈውን ዳዶ ይበይዱበት። ካልሆነ የካርባይድ መሰርሰሪያና የማይንቀጠቀጥ ማሽን ያለው ወርክሾፕ ይውሰዱት። ስታዱ ከወጣ በኋላ የቀዳዳውን ጥርስ በመጥረጊያ ታፕ (በጥርስ ማጽጃ መሣሪያ) ያጽዱ፤ የጥርሱን ርቀት፣ በብዛት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጎኑ ካለው ስታድ ያመሳክሩ። አዲሱን በሙቀት የሚችል የመዳብ ግሪስ ቀብተው ያስገቡ።